ዓመተ ምሕረቱ የጠፋ የቀብር መዝገብ እንዴት ይነበባል? ከአቃቂ ዳርቻ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

የመክፈቻ ጽሑፍ፦

የእናቴ ወገኖች የኖሩት በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች እየተጠጉት ባለ የእርሻ አገር ነው። የአጥቢያው ደብር አስተዳዳሪ በቸርነት ፈቅደውልኝ በዕቃ ቤት የተቀመጠውን አሮጌ የቀብር መዝገብ ገጽ በገጽ ለማየት በቅቻለሁ። መዝገቡ ከፊቱም ከኋላውም ገጾች የጎደሉት፣ መሐሉን ውኃ የነካው፣ በሦስት ሰዎች እጅ የተጻፈ ነው። ከተረፉት ገጾች በአንዱ ላይ ወለተ ማርያም የተባሉ ሴት ሰኔ 12 ቀን፣ ማክሰኞ፣ በዘመነ ማርቆስ መቀበራቸው ከባለቤታቸው ስምና በብርና በሳንቲም ከተከፈለ የፍትሐት ገንዘብ ጋር ሰፍሯል። ዓመተ ምሕረቱ በገጹ ራስ ላይ የነበረ ይመስላል፤ የገጹ ራስ ግን ተቀድዷል። የባለቤታቸው ስም የእናቴ ወንድ አያት ስም ነው። ሴት አያቷን ግን በቤት የምናውቃቸው በሌላ ስም ነው። በዚያው ግቢ እንደተቀበሩ ቤተሰቡ ሁሉ የሚመሰክርላቸው ባለቤታቸው ደግሞ ከተረፉት ገጾች በአንዱም ላይ የሉም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። ዓመቱ የጠፋውን ቀን ወደ ዓመተ ምሕረት መመለስ ይቻላል ወይ? በመዝገብ ያልተገኘን ሰው በዚያ ደብር አልተቀበረም ብሎ መደምደምስ ተገቢ ነው ወይ? የራሴን አቋም አስቀድሜ ገልጬ ነበር፤ መዝገብ ዝም ያለበት ቦታ ሞት አልነበረም ማለት አይደለምና ዝምታውን ከማንበብ በፊት መዝገቡ ለምን እንደተጻፈ ማወቅ ይገባል የሚል ነው። የተሰጡትን ምላሾች በተራቸው እተርካለሁ።

ምላሽ 1፦ በየካ በኩል ባለ አንድ አጥቢያ ለብዙ ዘመን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ የነበሩ አባት ናቸው የመለሱት። አስተዳዳሪውን ካመሰገኑ በኋላ የእንዲህ ያለ መዝገብ ዋና ዓላማ የገንዘብ ሒሳብ መሆኑን አስረዱ። ለፍትሐትና ለመቃብር ቦታ የተከፈለው ይጻፋል፤ ያልተከፈለው ብዙ ጊዜ አይጻፍም። በመሆኑም ድኻው፣ በነጻ የተቀበረው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያገለገለውና ቤተ ሰቡ ገንዘቡን በኋላ አመጣለሁ ብሎ የቀረው በመዝገቡ ላይ የመገኘት ዕድላቸው አነስተኛ ነው። ሌላም ጠቃሚ ማሳሰቢያ አክለዋል፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ቀን የሞቱበት፣ የተቀበሩበት ወይም ለአርባቸው ገንዘብ የተከፈለበት ሊሆን ስለሚችል የገጹን ሌሎች መስመሮች ሳያነጻጽሩ አንዱን መምረጥ አይገባም።

ምላሽ 2፦ አንዲት መምህርት የስሙን ጉዳይ አነሡ። ፍትሐት የሚጸለየው በክርስትና ስም ስለሆነ በቤት ስም የሚታወቁ ሴት በመዝገብ ላይ ወለተ ማርያም ወይም አመተ ሥላሴ ተብለው ቢገኙ የሚጠበቅ ነው አሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወልደው በክርስትና ሌላ ስም የወጣላቸው ብዙ ስለሆኑ በዚህ አካባቢ የቤትና የክርስትና ስም መራራቅ ከሌላው ቦታ የጎላ ነው። ወደ እርጅናቸው ቆብ የጫኑ እናቶች ደግሞ ሦስተኛ ስም ይይዛሉ። ስለዚህ ወለተ ማርያም የሚለው ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን፣ የባለቤት ስም አብሮት መጻፉ ግን ክብደት እንዳለው ተናግረው፣ የክርስትና ስሙን ከቤተሰቡ የንስሐ አባት፣ ከአሮጌ ዳዊት ኅዳግ ወይም ተዝካር ካወጡ ሰዎች እንድፈልግ መከሩኝ። የእናቴ ታላቅ እህት በዚያው ሳምንት ያለ ምንም ማመንታት ወለተ ማርያም መሆናቸውን አረጋገጡልኝ።

ምላሽ 3፦ ከውይይቱ ሁሉ እጅግ የጠቀመኝ ይህ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ስሌቱን ከነመንገዱ አስቀመጡት። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ዓመተ ዓለሙ ይገኛል፤ እርሱ ለ4 ሲካፈል 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ትርፍ ባይኖር ዮሐንስ ነው። ወንጌላዊው ብቻ ቢጻፍ ዓመቱ በየ4 ዓመቱ ስለሚመለስ ብዙ አይረዳም። ወንጌላዊው፣ የወሩ ቀንና የሳምንቱ ዕለት በአንድነት ሲገኙ ግን ሦስቱ የሚገጥሙት በየ28 ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለምሳሌ የወሰዱት 1954ን ነው። ዓመተ ዓለሙ 7454 ሲሆን ለ4 ተካፍሎ 2 ስለሚተርፍ ዘመኑ ማርቆስ ነው። መጠነ ራብዒቱ፣ ማለትም ዓመተ ዓለሙ ለ4 ሲካፈል የሚደርሰው 1863፣ ከዓመተ ዓለሙ ጋር ሲደመር 9317 ይሆናል፤ ይህም ለ7 ያለ ትርፍ ስለሚካፈል መስከረም 1 ሰኞ ዋለ ማለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 12 ያሉት 281 ቀናት በሰባት በሰባት ሲገደፉ 1 ይተርፋል፤ ከሰኞ አንድ ቀን ሲቆጠር ማክሰኞ ይመጣል። ስለዚህ ዓመቱ 1954 ነው፤ ካልሆነም 28 ተቀንሶ 1926፣ ወይም 28 ተጨምሮ 1982 ነው። የጥንቱ ትምህርት ለአንዲት እናት መታሰቢያ ሲውል ማየት ልቤን ነክቶታል።

ምላሽ 4፦ በዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ መጣ። አንድ ተሳታፊ ሰኔ 12 የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል መሆኑን አስታውሰው፣ ሰዎች የሞት ቀንን በአቅራቢያው ባለ በዓል የማስታወስ ልማድ ስላላቸው ጸሐፊው ከወራት በኋላ ከቤተሰቡ ጠይቆ የጻፈው ሊሆን ይችላል አሉ።

ምላሽ 5፦ የኔታው በትሕትና መለሱ። ከጊዜ በኋላ የተነገረ ቀን በዓሉን ይዞ ይመጣል እንጂ የሳምንቱን ዕለት ይዞ አይመጣም፤ ማክሰኞ መባሉ ጽሑፉ በዕለቱ ወይም በዚያው ሳምንት እንደተጻፈ ያሳያል ብለው ያምናሉ።

ምላሽ 6፦ እዚህ ላይ አነጋገሩ ጠንከር አለ። ሒሳብ እንደሚያስተምሩ የገለጹ ሰው ስሌቱ ትክክል ቢሆንም የተሰጠው ክብደት ከመጠን ያለፈ መሆኑን ሳያለሳልሱ ተናገሩ። በዘመነ ማርቆስ ለሚውል ሰኔ 12 ከሰባቱ ዕለታት ማንኛውም ቢጻፍ በ28 ዓመት ውስጥ የሚገጥመው አንድ ዓመት አለ። ስለዚህ ስሌቱ የጸሐፊውን ስሕተት ሊይዝ አይችልም፤ የተሰጠውን ሁሉ ተቀብሎ አንድ ዓመት ያወጣል። ጸሐፊው በአንድ ቀን ተሳስቶ ቢሆንና ዕለቱ ረቡዕ ቢሆን ዓመቱ 1938 ወይም 1966 ይሆናል፤ ሰኞ ቢሆን 1942 ወይም 1970 ይሆናል። የአንድ ቀን ስሕተት ዓመቱን በ12 ወይም በ16 ዓመት ያርቀዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዕለቱ ከዋዜማው ማታ ስለሚጀምር ደግሞ የአንድ ቀን መዛነፍ ሩቅ አይደለም። አነጋገራቸው ለየኔታው የሚገባውን አክብሮት አልጠበቀም፤ ሐሳቡ ግን መዝገብ ለሚመረምር ሁሉ አስፈላጊ ነው። ከስሌቱ ውጭ የቆመ ሌላ ምስክር ያስፈልግ ነበር።

ምላሽ 7፦ ያንን ምስክር ያመጡት አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰው ናቸው። ክፍያው በብርና በሳንቲም መጻፉን ከመክፈቻው ጽሑፍ አስተውለው፣ ከጠላት ወረራ በፊት የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ገንዘብ ብሩን በማቶና ይመነዝር እንደነበረ፣ ሳንቲም የሚለው መመንዘሪያ የመጣው በ1937 ዓ.ም. በወጣው ገንዘብ መሆኑን አስረዱ። በዚህ 1926 ከምርጫ ይወጣል። ቀጥለውም የአድራሻውን አጻጻፍ እንዳይ ጠየቁኝ። ቀበሌ የተቋቋመው በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ነው፤ ክፍለ ከተማ ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመጣ አጠራር ነው። በእኔ ገጽ ላይ ያለው የመንደር ስምና የባላባቱ ስም ብቻ ነው። ይህ 1982ንና 1970ን እጅግ ያዳክማል፤ ፈጽሞ ያስወግዳል ግን አልልም፤ በከተማ ዳርቻ ያሉ ሽማግሌ ጸሐፊዎች በቀድሞው አጠራር መጻፍ ይቀጥሉ ነበርና። አሁን ባለው ማስረጃ 1954 ግንባር ቀደም ነው፤ 1938፣ 1942 እና 1966 በተጠባባቂነት ይቆያሉ።

ምላሽ 8፣ 9 እና 10፦ ውይይቱ ለጥቂት ጊዜ ወደ ባሕር ማዶ ሄደ። በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ አንዲት እህት የባለቤታቸውን ወገን ሲፈልጉ እዚያ አጥቢያዎች ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግቡ የታዘዙት እ.ኤ.አ. በ1538 መሆኑን፣ የታተመ የቀብር ቅጽ ዕድሜና መኖሪያን እንዲጠይቅ የተደረገው ግን እ.ኤ.አ. ከ1813 ጀምሮ መሆኑን ጻፉ። ከዚያ በፊት በብዙ አጥቢያ ከስምና ከቀን በስተቀር የተጻፈ አይገኝም። ቀጥሎ የመጡት ሰው ስለ አቃቂ ተጠይቆ ስለ እንግሊዝ መመለስ ምን ይረባል ሲሉ በቁጣ ጻፉ። የየካው ጸሐፊ ሁለቱንም አረጋግተው ንጽጽሩ ትምህርት እንዳለው አሳዩ። በእኛ አገር ቃለ ዓዋዲ የተባለው የሰበካ አስተዳደር ደንብ በ1965 ዓ.ም. ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ በየአጥቢያው እስኪቋቋም ድረስ የመዝገቡ ይዘት በገበዙና በጸሐፊው ትጋት ላይ የተመሠረተ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ሞት መዝገብ ቢደነግግም አፈጻጸሙ ሳይጀመር ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል፤ በመላ አገሪቱ ምዝገባው የተጀመረው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ለሞተ ሰው የአጥቢያ መዝገብ፣ የእድር መዝገብና የቤተሰብ ቃል እርስ በርስ ከመመሳከር ሌላ መንገድ የለም። የእንግሊዟ እህት ከዚያ በኋላ ሳይመለሱ ቀሩ፤ ስለ ሌላ አገር የጻፉት የራሳችንን መዝገብ እንድንመረምር ስላደረገ ቢቀጥሉ እወድ ነበር።

ምላሽ 11፦ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ስላልተገኙት ባለቤት፣ የመጀመሪያውን ጠንካራ ሐሳብ ያቀረቡት በለገጣፎ በኩል የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ በሆሳዕና ዕለት በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ ስለሚጸለይ ሟቹ ያለ ፍትሐት ይቀበራል። ለፍትሐት በተከፈለ ገንዘብ የሚጻፍ መዝገብ በየዓመቱ በዚህ ሳምንት ባዶ ቢሆን አያስገርምም። እኔም ወደ ፎቶዎቹ ተመልሼ ስመለከት ዓመታቸው በሚታወቅ ገጾች ላይ ከሆሳዕና እስከ ፋሲካ ምንም ቀብር እንዳልሰፈረ አየሁ። አክስቴን ሳነጋግር ደግሞ ወንድ አያቷ ያረፉት ለፋሲካ የተገዛው በግ ሳይታረድ በቤት በታሰረበት ዓመት እንደሆነ ነገረችኝ፤ ይህንንም በዚያው ምላሽ ሥር ጻፍሁ።

ምላሽ 12፦ ያቺው መምህርት ደስታቸውን ገልጸው ተመሳሳይ ክፍተት በሕፃናት ላይ እንዳለ አከሉ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስለሚጠመቁ ከዚያ በፊት የሚሞቱት ፍትሐት የላቸውም፤ በመዝገብም አይወርዱም። አንዲት እናት ስንት ልጅ ቀበረች የሚለውን ከአጥቢያ መዝገብ ለመቁጠር የሚሞክር ሰው ከእውነተኛው እጅግ ያነሰ ቁጥር ያገኛል።

ምላሽ 13፦ የሒሳብ መምህሩ ተመልሰው ስለ በጉ የተነገረውን ትዝታ ለመደምደሚያ እንዳልጠቀምበት አስጠነቀቁ። በ1ኛው ምላሽ የተዘረዘሩት ምክንያቶች ሁሉ አሁንም ቆመዋል፤ ገጹ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የሚያስችል አንድ ሥራ ሰጡኝ፤ የክፍያ ደረሰኝ ተራ ቁጥሮች በየመስመሩ ካሉ መዝለላቸው የጠፋ ገጽን ያሳያል፤ ቁጥሩ ሳይቋረጥ ቀኑ ብቻ ከዘለለ ግን በዚያ ጊዜ የተጻፈ ነገር አልነበረም። የጥራዙ ስፌት ላይ የተገነጠለ ወረቀት ጉማጅ መኖሩንም እንድመለከት ነገሩኝ።

ምላሽ 14 እስከ 17፦ በጣም የጋለው ክፍል ይህ ነው። አንድ ወጣት የ1969 እና የ1970 ገጾች በየደብሩ ሆን ተብሎ እንደተቀደዱ አድርጎ ጻፈ። ሌላው ያለ ማስረጃ ካህናትን መክሰስ ነውር መሆኑን በኃይለ ቃል ተናገረ፤ ዝናብና ምስጥ የበሉት መዝገብ ከተቀደደው ይበልጣል አለ። በዚያ ዘመን ቤተሰብ ያጡ አንድ አባት በመካከል ገብተው ነገሩ ከወረቀት መቀደድ የከፋ እንደነበረ በአጭሩ ገለጹ። በቀይ ሽብር የተገደሉት ብዙዎች ለቤተሰብ አልተሰጡም፤ ለቅሶ መቀመጥም ተከልክሎ ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያውኑ የተጻፈ አልነበረም። ወጣቱ ይቅርታ ጠየቃቸው። የየካው ጸሐፊም የ1911ዱን የኅዳር በሽታና ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ የሆነውን እልቂት አስታውሰው፣ ሞት ሲበዛ መዝገብ እንደሚሳሳ አስገነዘቡ። ቀባሪ ራሱ በታመመበት ወቅት ጸሐፊ አይገኝም። ሰው እጅግ በሞተበት ዓመት ጥቂት ስም ያለበት ገጽ የሚያጋጥመው ተመራማሪ ይህን ማሰብ አለበት።

ምላሽ 18፦ የአንድ ነባር እድር ጸሐፊ ስለ እድር መዝገብ ጻፉ። ለእድርተኛው የሚከፈለው በቤቱ ለሞተው ብቻ ሳይሆን በሩቅ አገር ላረፉ እናትና አባቱም ጭምር በመሆኑ፣ በእድሩ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሞት በዚያ ሰፈር ለተፈጸመ ቀብር ማስረጃ አይሆንም። በሌላ በኩል እድር ጳጉሜንም ሆነ ሕማማትን አይለይም፤ ጥሩምባው በተነፋበት ቀን ወጪው ይጻፋል። ለወለተ ማርያም ባለቤት በመጀመሪያ መፈለግ ያለበት የአቃቂ አካባቢ የእድር መዝገብ መሆኑን የተረዳሁት ከዚህ ነው።

ምላሽ 19፦ የለገጣፎው ቄስ ደግሞ ስለ ፍልሰተ አፅም አሳሰቡ። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ሰፊ ሕንፃ ሲሠራ፣ ወይም በፉካ፣ ማለትም በግንብ በተሠራ የመቃብር ሣጥን፣ ያረፈ ሰው የተወሰነለት ጊዜ ሲያልፍ፣ አፅሙ ተሰብስቦ በሌላ ቦታ ያርፋልና ይህም በመዝገብ ሊሰፍር ይችላል። ለአንድ ሰው ሁለት ቀን የተገኘ እንደሆነ ሁለት ሰው አድርጎ ከመቁጠር በፊት ይህን መጠየቅ ይገባል።

ምላሽ 20 እና 21፦ አንዲት የጤና ባለሙያ የመዝገቡን ፎቶ በይፋ እንዳልለጥፍ አጥብቀው ጻፉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የኤድስን ጉዳት ለመለካት በከተማዋ መቃብሮች ጸሐፊዎች አሰማርተው ቀብር ሲያስመዘግቡ፣ ቤተሰብ የሞትን ምክንያት ስንት ጊዜ በሌላ በሽታ ስም እንደሚሸፍን መታየቱን አስታወሱ። በቅርብ ዘመን መዝገቦች ኅዳግ ላይ የተጻፈ የበሽታ ስም ዛሬ በሕይወት ያለን ልጅ ሊያሳፍር ይችላል። አንድ ሰው ታሪክን መደበቅ ነው ብሎ ቢቃወምም እኔ በባለሙያዋ ሐሳብ ተስማምቻለሁ፤ የምለጥፈው የራሴን ወገን መስመር ብቻ ነው።

ምላሽ 22፦ መምህርቷ በቤተሰብ መዝገቤ ላይ እንዴት እንደምጽፍ ሐሳብ አቀረቡ። ለእናቴ ሴት አያት ሰኔ 12 ቀን 1954 ዓ.ም. የሚለውን ከነምክንያቱ፣ ማለትም ከዕለቱ፣ ከወንጌላዊው፣ ከሳንቲሙና ከአድራሻው ጋር ጽፌ፣ ተጠባባቂዎቹን ዓመታት ከሥሩ እንዳሰፍር፤ ለባለቤታቸው ደግሞ ቀኑን ባዶ ትቼ የአክስቴን ቃል ከተነገረበት ቀን ጋር እንዳኖር ነው። የሒሳብ መምህሩ ይህን ያለ ተቃውሞ ተቀበሉት፤ ለየኔታውም በስማቸው አመሰገኑ።

ምላሽ 23፦ የየካው ጸሐፊ በዳርቻው አጥቢያዎች ያሉ አሮጌ የቀብር መዝገቦችን ፎቶ ለማንሣት ከወረዳው ቤተ ክህነት የፈቃድ ደብዳቤ ለመጠየቅ ረቂቅ እያዘጋጁ መሆኑን አስታወቁ። የእያንዳንዱ መዝገብ ሙሉ ቅጂ በዚያው ደብር እንዲቀር በቅድሚያ ተስማምተናል። እኔና የጤና ባለሙያዋ ለአቃቂ በኩል ስማችንን ሰጥተናል፤ ሥራው ከክረምት በፊት የሚጀመረው ጣሪያው ከሚያፈሰው ዕቃ ቤት ነው።